ኩሩ፦ በመጠየቅ የተደረሰበት በሽታ

«ኩሩ» በእኛ ቋንቋ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚሄድ ሰው ነው። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ምሥራቃዊ ደጋማ አገር ለሚኖሩት የፎሬ ሰዎች ግን ኩሩ ማለት መንቀጥቀጥ ነው፤ መጀመሪያ ቆሞ መሄድን፣ ቀጥሎ መቀመጥን፣ በመጨረሻም ምግብ መዋጥን የሚነሳ፣ የያዘውን የማይለቅ በሽታ ስም። የድምፁ መመሳሰል አጋጣሚ ነው። ታሪኩ ግን «በሽተኛንና ጎረቤቱን ቁጭ ብሎ መጠየቅ ምርምር ነው ወይስ ወሬ መልቀም?» ለሚለው የቆየ ክርክር ከማውቃቸው ሁሉ የተሻለ መልስ ስላለው ላወጋችሁ ወደድኩ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1957 ዓ.ም. ቪንሰንት ዚጋስ የተባሉ በአውስትራሊያ አስተዳደር ሥር የሚሠሩ ሐኪምና ካርልተን ጋይዱሴክ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በሽታውን አብረው መመርመር ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ከፎሬዎችና ከጎረቤቶቻቸው በዓመት እስከ 200 ሰው ይሞት ነበር። ፎሬዎች ከአሥር ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ሕዝብ እንደነበሩ ስናስብ የመከራው ክብደት ይገባናል። ይበልጥ ግራ የሚያጋባው ደግሞ የሟቾቹ ማንነት ነበር። የሚያልቁት ጎልማሳ ሴቶችና የሁለቱም ጾታ ልጆች ናቸው፤ ጎልማሳ ወንድ የሚሞተው ከስንት አንዴ ነው።

ሐኪሞቹ ደም ቀዱ፣ አንጎል መረመሩ፣ ምግብ ፈተሹ። ትኩሳት የለም፤ የተለመደ ተላላፊ በሽታ ምልክት የለም፤ መርዝም አልተገኘም። ኩሩ በየቤተሰቡ ስለሚደጋገም «በዘር የሚወረስ ነው» የሚለው መላ ምት ገነነ። ይህ መላ ምት በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አልነበረም። በሽታው በዘር የሚወርድ ከሆነ ፎሬዎች ከአገራቸው ወጥተው ከሌላው ሕዝብ እንዳይቀላቀሉ መታገድ አለባቸው የሚል ሐሳብ አስከትሏል። ሕዝቡ በበኩሉ ኩሩ የመተት ሥራ ነው ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ በአንድ በኩል አጥር፣ በሌላ በኩል እርስ በርስ መጠራጠር ተደቅኖበት ነበር።

በ1961 ሮበርት ግላስና ባለቤታቸው ሸርሊ፣ ኋላ ሸርሊ ሊንደንባም በሚል ስም የታወቁት፣ ወደ ፎሬ አገር ገቡ። ሁለቱም የሥነ ሰብእ ተመራማሪዎች ናቸው። መርፌም ማጉሊያ መሣሪያም አልያዙም፤ መንደር ውስጥ ተቀመጡና ጠየቁ። በኩሩ የሞተችው ማን ናት? የማን ልጅ፣ የማን ሚስት ነበረች? መጀመሪያ የሞተውን ማን ያስታውሳል? የእኛ ሽማግሌዎች ዕድሜያቸውን በኅዳር በሽታ ወይም በማይጨው ዘመቻ እንደሚቆጥሩ ሁሉ፣ የቀን መቁጠሪያ የሌለው ሰውም ዘመኑን የሚለካበት ክስተት አያጣም።

ከዚህ ጥየቃ ሦስት ነገሮች ወጡ። አንደኛ፣ ኩሩ ጥንታዊ አይደለም፤ ሽማግሌዎቹ በየመንደራቸው መጀመሪያ የታየበትን ጊዜ በሚገባ ያስታውሱ ነበር፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዛመተውም ከ1920ዎቹ ገደማ ጀምሮ ነው። እንዲህ በፍጥነት የሚዛመትና የሚገድል ነገር በዘር የሚወረስ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛ፣ የዘር ሐረጉ በጥንቃቄ ሲጻፍ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በጋብቻ እንጂ በደም የማይዛመዱ ሆነው ተገኙ። ሦስተኛውና ዋናው፣ ፎሬዎች ዘመዳቸው ሲሞት ሥጋውን የመብላት ልማድ ነበራቸው። በልማዱ ተካፋዮች የነበሩት በተለይ ሴቶችና ከእናቶቻቸው ጋር የሚኖሩ ልጆች ሲሆኑ፣ ጎልማሶቹ ወንዶች አብዛኛውን ጊዜ ይርቁ ነበር። ወንዶች ልጆችም አደግ ሲሉ ወደ ወንዶች ቤት ይዛወራሉ። ልማዱ የገባው ከኩሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ለፎሬዎች ይህ ጭካኔ ሳይሆን የሐዘን ወግ ነበር፤ «ሰው በላ» ብሎ ለመኮነን የቸኮለ ሰው ይህን የመሰለ ምስክርነት ከቶ ባልሰማም ነበር።

ቤተ ሙከራው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1959 ዊልያም ሃድሎ ኩሩ ስክሬፒ ከሚባለው የበግ በሽታ ጋር እንደሚመሳሰል ጻፉ። በ1963 ከሟቾች አንጎል የተወሰደ ናሙና ለቺምፓንዚዎች ተሰጠ፤ በ1965 በሽታው ታየባቸው፤ ውጤቱም በ1966 ታተመ። ጋይዱሴክ በ1976 የኖቤል ሽልማት አገኙ። በ1968 ደግሞ ጆን ማቲውስ፣ ግላስና ሊንደንባም ኩሩን ከዚያ ልማድ ጋር በግልጽ ያያያዘ ጽሑፍ አሳተሙ።

ዳሩ ግን ምስክርነቱ ይታመናል? በ1979 ዊልያም አሬንስ የተባሉ ምሁር «ሲበላ በዓይኑ ያየ ተመራማሪ የት አለ?» ዓይነት ብርቱ ጥያቄ አነሡ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዓይነታዊ ምርምር የሚመዘነውም እንዲህ ባለው ጥያቄ ይመስለኛል። እኔ ሦስት መመዘኛዎች አያለሁ። የመጀመሪያው፣ በተለያየ መንደር ያሉ ሰዎች የተናገሩት መግጠሙ ነው። ሁለተኛው፣ ተናጋሪዎቹ የተመራማሪውን ድምዳሜ ለማስደሰት አለመናገራቸው ነው፤ ፎሬዎች ማን እንደበላ ሲናገሩም የበሽታው ምክንያት መተት ነው ማለታቸውን አልተዉም። ያዩትን መመስከራቸውና ያዩትን መተርጎማቸው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ጎበዝ ጠያቂ አንዱን ሲቀበል ሌላውን በአክብሮት ይመዘግበዋል። ሦስተኛው፣ ከንግግሩ የወጣው ሐሳብ ሊከሽፍ የሚችል ትንቢት መናገሩ ነው። ምስክርነቱ እውነት ከሆነ ልማዱ ከቀረ በኋላ የተወለዱ ልጆች መታመም የለባቸውም። ልማዱ በ1950ዎቹ መጨረሻ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ የተወለዱትም ልጆች በኩሩ አልተያዙም።

ይህ ማለት ጥየቃ ብቻውን በቂ ነበር ማለት አይደለም። በሽታ አምጪው ምን እንደሆነ ፎሬዎች ሊነግሩን አይችሉም ነበር፤ ስታንሊ ፕሩሲነር «ፕሪዮን» የሚለውን ስም ያወጡት በ1982 ነው። ነገር ግን ቺምፓንዚዎቹ በሽታው እንደሚተላለፍ ቢያሳዩም፣ ለምን ሴቶቹና ልጆቹ ብቻ አለቁ ለሚለው መልስ አልነበራቸውም።

በ1996 የብሪታንያ መንግሥት የእብድ ላም በሽታ ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ ሲገልጽ፣ ዓለም በድንጋጤ የጠየቀው «በሽታው ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ስንት ዓመት ይቆያል?» ብሎ ነበር። መልስ የተፈለገው ፎሬ አገር ነው። ከ1996 እስከ 2004 የተገኙ 11 የኩሩ ሕሙማን ተጠንተው በ2006 የታተመው ጽሑፍ በሽታው ከ50 ዓመት በላይ ተደብቆ ሊቆይ እንደሚችል አሳየ። ስሌቱ እንዲሠራ ደግሞ የመጨረሻው የሐዘን ማዕድ የቀረበበት ዘመን መታወቅ ነበረበት። እሱን በየትኛውም የቤተ ሙከራ መዝገብ አያገኙትም፤ የሚያውቁት በዚያ ዘመን የነበሩት ሰዎች ናቸው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። ፎሬዎች አልደበቁም፤ የጎደለው ቁጭ ብሎ የሚሰማ ነበር።