የናምሩድ ግንብ፤ ታሪኩና አፈ ታሪኩ

ከአርሞንዔም ተራራ በስተደቡብ ባለው ተረተር ላይ፥ ከጥንቱ የፊልጶስ ቂሳርያ፥ ከዛሬው ባንያስ በላይ፥ አንድ ታላቅ የፈረሰ ግንብ ይታያል። ርዝመቱ 420 ሜትር፥ ወርዱም 150 ሜትር ያኽላል። የጥንት ዐረቦች ስሙን አስ-ሱበይባ ብለው ጽፈውታል፤ በሕዝብ አፍ ግን ቀልዓት ናምሩድ፥ ማለት የናምሩድ ምሽግ ይባላል።

ናምሩድ በኦሪት ዘፍጥረት በ10ኛው ምዕራፍ የተነገረው የኩሽ ልጅ፥ ኀያሉ ዐዳኝ ነው። ያገሩ ሰዎች እንደሚተርኩት፥ ቁመቱ እጅግ ረዥም ስለ ነበረ በግንቡ ጫፍ ተቀምጦ እጁን ሲዘረጋ ከታች ከባንያስ ወንዝ ውሃ ይጨልፍ ነበር። በኀይሉ ተመክቶ በእግዚአብሔር ላይ በታበየ ጊዜ ግን የታዘዘበት አንበሳ ወይም ሰራዊት አልነበረም፤ አንዲት ትንኝ ባፍንጫው ገብታ እስከ አንጎሉ ደረሰች፥ በርሷም ተሠቃይቶ ሞተ። ይህ የትንኝ ነገር በእስላሞች መጻሕፍት ስለ ናምሩድ ሲነገር፥ በአይሁድ ዘንድ ደግሞ ኢየሩሳሌምን በ70 ዓ.ም. ስላፈረሰው ስለ ቲቶ ይነገራል።

ስለ ግንቡ አሠራር ሊቃውንት ብዙ ዘመን ተሳስተው ነበር። መስቀላውያን ባንያስን እስከ 1164 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ይዘዋት ስለ ነበረ፥ ሥራው የነርሱ ይመስላቸው ነበር። በ1989 የታተመው የሮኒ ኤሌንብሉም ጥናት ግን ሠሪዎቹ እስላሞች እንደ ኾኑ አስረዳ። የሳላዲን የወንድሙ ልጅ አል-ዐዚዝ ዑስማን ከ1228 ዠምሮ ያሠራው፥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ በመጣበት ወራት ወደ ደማስቆ የሚወስደውን መንገድ ለመጠበቅ ነው። በ1260 ሞንጎሎች ያዙት፤ በዚያው ዓመት በዐይን ጃሉት ድል ከኾኑ በኋላ የነገሠው ሱልጣን ባይባርስ አሳድሶ ለእንደራሴው ለቢሊክ ሰጠው። በ1275 የተቀረጸው ታላቁ ጽሑፍም የዚህን እድሳት ነገር ይናገራል። መስቀላውያን በ1291 ካገሩ ፈጽመው ከወጡ ወዲያ ግን ጥቅሙ አነሰ፤ የእስረኞች ማኖሪያ ኾነ፥ በኋላም ባዶውን ቀረ፥ በ18ኛው መቶ ዓመት የመሬት መናወጥ አፈረሰው።

ናምሩድ የኩሽ ልጅ ስለ ተባለ፥ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ተሳላሚ ይህን ግንብ ከራሱ አባቶች ሥራ ሊቈጥረው ይችል ይኾናል። ነገር ግን ኦሪት የናምሩድን መንግሥት ያኖረው በሰናዖር ምድር፥ በባቢሎን ነው፤ ስለ ናምሩድ ሲናገርም አርሞንዔምን አያነሣም። ድንጋዮቹም ሠሪያቸውን በዐረብኛ ይናገራሉ። ባልሠሩት መመካት ራሱ የናምሩድ ትዕቢት ነው።

ቢኾንም አፈ ታሪኩ ከንቱ አይደለም። በግንቡ ውስጥ የዝናም ውሃ የሚጠራቀምባቸው ታላላቅ ጕድጓዶች አሉ፤ በዚያ ከፍታ የተቀመጠ ኀያል የሚጠጣውን ከየት ያመጣ እንደ ነበረ እረኞች ጠይቀው፥ በረዥሙ እጅ መልሰውት ይመስላል። ኹለት መንግሥታት በድንጋይ ያስቀረጹትን ስም ሕዝቡ ረስቶ፥ ኀያሉን የገደለችውን ትንኝ አልረሳም።