ትሪያምፍ ስታግ ለምን ትፈላ ነበር?

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር "ቲቸር፣ መኪናዬ እየፈላች አስቸገረችኝ፤ ነገ ቴስታታ ላስወርድ ነው" ብሎ ጻፈልኝ። "ቆይ፣ እንዳትነካት!" አልኩት። ወዲያው ክፍል ውስጥ ሁሌ የማወራላችሁ የእንግሊዟ ስፖርት መኪና ትዝ አለችኝ። ስሟን የረሳችሁት ትኖራላችሁና ታሪኳን እንደገና ልንገራችሁ።

ትሪያምፍ ስታግ ትባላለች። መልኳን ያወጣላት ጣሊያናዊው ጆቫኒ ሚኬሎቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ስትወጣ አራት ሰው የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ቆንጆ ነበረች። በ1971 በጄምስ ቦንድ ፊልም ላይ ሁሉ ታይታለች።

ጣጣው ሞተሯ ላይ ነው። ትሪያምፍ የነበረበት ብሪቲሽ ሌይላንድ የሮቨርን ባለ 3.5 ሊትር ቪ-ስምንት በእጁ ይዞ ነበር። ትሪያምፎች ግን የራሳችን ይሻለናል ብለው 2997 ሲሲ ሞተር ሠሩ። ለስዊድኑ ሳብ 99 ከሠሩት ጋደል ያለ ባለ አራት ሲሊንደር ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው፤ ሁለቱን አጋጥማችሁ ቪ አድርጋችሁ አስቡት።

የውሃ ፓምፑን ታዲያ የት አስቀመጡት? ከላይ፣ ሞተሩ አናት ላይ፣ በሁለቱ ቴስታታዎች መሃል! ውሃው ትንሽ ሲጎድል ቀድሞ የሚደርቀው እሱ ነው። አየር የያዘ ፓምፕ ደግሞ ውሃ አይገፋም። ይባስ ብሎ የሙቀት መለኪያው ሴንሰር ውሃ ካልነካው በትክክል አያነብም። ሹፌሩ ጌጁን አይቶ "ደህና ነኝ" ሲል ሞተሩ ይቀቀላል።

ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ሁለቱ በውሃ ሲገናኙ ይበላላሉ፤ ስለዚህ ዝገት የሚከላከል ኩላንት ዓመቱን ሙሉ ያስፈልጋል። እዚያ አገር ግን ብርዱ ሲያልፍ አፍስሶ ውሃ የሚሞላ ነበር። (እኛም "ብርድ በሌለበት አንቱፍሪዝ ምን ያደርጋል?" እንል የለ!) ከፋብሪካ ብሎኩ ውስጥ የቀረ የቀለጣ አሸዋም ነበር ይባላል። አሸዋውና ዝገቱ ተጠራቅሞ ራዲያተሩን ይደፍናል።

አሁን ጋራዥ ውስጥ ምን እንደሆነ ገምቱ። መኪናዋ ፈልታ ትመጣለች፣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ይቀየራል፣ ትሄዳለች። ራዲያተሩን ያየው የለም። ትመለሳለች! በ1977 ምርቷ ሲቆም የተሠሩት 25,877 ብቻ ነበሩ። ብዙ ባለቤቶች ተማረው ሞተሩን አውጥተው ያንኑ የሮቨሩን ገጠሙበት። ኋላ ላይ ግን መተላለፊያዎቹን አጽድተው፣ ራዲያተሩን አድሰው በጥንቃቄ የገጠሙት ሰዎች ያው የተሰደበው ሞተር ሳይፈላ ሲሠራላቸው አዩ። የተቃጠለው ጓርኒሲዮን የመፍላቱ ውጤት እንጂ መነሻው አልነበረም ማለት ነው።

ይህን በአፌ ሳስተምር በእጄ ምን እንደሠራሁ ልናዘዝ። ከማስተማሬ ጎን ለጎን አንድ ጋራዥ ውስጥ ስሠራ የአንድ ታክሲ ሹፌር ጓርኒሲዮን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ሁለት ጊዜ አስከፈልኩት። ሦስተኛ ፈልታ ስትመጣ ለልምምድ የመጣ ልጅ ራዲያተሩን በመዳፉ ዳሰሰና "ቲቸር፣ ከመሃል በታች እኮ ቀዝቃዛ ነው" አለኝ። ተደፍኖ ነበር። ሹፌሩ ቆሞ እየሰማ ነው። ምንም አላለኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የሁለተኛውን ዋጋ መለስኩለት፣ የመጀመሪያውን ግን በልቼዋለሁ።

ለተማሪዬ የጻፍኩለት ይኸው ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ (በሙቁ ክዳን እንዳትከፍት፣ ፊትህ ይቃጠላል!) ውሃው መጉደሉን እይ። የራዲያተሩን ክዳን ጎማም እይ፤ አዲስ አበባ ከፍታዋ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፣ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ቶሎ ትፈላብሃለች። አስነሥተህ ስትሞቅ ቬንትሌተሩ መዞሩን አረጋግጥና አጥፋው፤ ከዚያ ራዲያተሩን ከላይ እስከ ታች በጥንቃቄ ዳስሰው። በመጨረሻ፣ በቀዝቃዛው ክዳኑን ከፍተህ አስነሣና ገና ሳትሞቅ ነዳጅ ስትሰጣት አረፋ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ ያን ጊዜ ጓርኒሲዮኑን ጠርጥር።

ዛሬ ጠዋት ፎቶ ላከልኝ። ከራዲያተሩ የወጣው ውሃ የተንተከተከ ሻይ መስሏል። አረፋ የለም፤ ቴስታታውም አልተነካም።