በቀዝቃዛ አገሮች ለስፖርት መኪና የሚሆን የሁሉም ወቅት ጎማ አመራረጥ

ከፍተኛ ጉልበት ያላቸው የስፖርት መኪናዎች አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጡት ለሙቀት ወቅት ብቻ ተብሎ የተሠራ ጎማ ተገጥሞላቸው ነው። ይህ ዓይነቱ ጎማ በሞቀ አስፋልት ላይ መኪናውን አጥብቆ የሚይዝና የመሪውን ትእዛዝ ሳይዘገይ የሚቀበል ቢሆንም፣ የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች መውረድ ሲጀምር ላስቲኩ እየጠነከረ መንገዱን የመጨበጥ አቅሙ ይቀንሳል። በዚህም ምክንያት በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የሚኖር የስፖርት መኪና ባለቤት በየዓመቱ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ከሦስት ነገሮች አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። እነዚህም የበረዶ ጎማ መግጠም፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል የሁሉም ወቅት ጎማ መግዛት ወይም መኪናውን ቅዝቃዜው እስኪያልፍ አቁሞ ማቆየት ናቸው።

ጉዳዩን በአማርኛ ለማስረዳት አስቀድሞ ቃላቱን መለየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ክረምት የዝናብ ወቅት ሲሆን በእነዚያ አገሮች ግን በረዶና ቅዝቃዜ የሚበረታበት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። በረዶ የሚለው ቃልም እንደ ባዘቶ ከሰማይ የሚወርደውንና መንገድ ላይ እንደ መስተዋት የረጋውን ግግር በአንድነት ይጠራል። ለጎማ ግን ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ በመጀመሪያው ላይ በመጠኑ የሚይዝ ጎማ በሁለተኛው ላይ ምንም ላይዝ ይችላል።

የሙቀት ወቅት ጎማ አደጋ የሚጀምረው በረዶ ሲጥል ነው የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ሰማዩ ጠርቶ፣ መንገዱም ደርቆ በሚታይበት ቀዝቃዛ ማለዳ ጎማው ገና ስላልሞቀ አሽከርካሪው የነዳጅ መርገጫውን በወትሮው ልማድ ሲጫን በኋላ እግሩ የሚነዳ ኃይለኛ መኪና ወደ ጎን ሊንሸራተት ይችላል። ፍሬን ሲያዝም መኪናው የሚቆምበት ርቀት ይረዝማል። አምራቾች ከዚህም አልፈው ያስጠነቅቃሉ፤ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ በሚደርስበት ጊዜ እንዲህ ባለው ጎማ መንዳት ቀርቶ መኪናውን ማንቀሳቀስ እንኳ የጎማውን ጥርስ ሊሰነጥቀው ይችላል። የተሰነጠቀ ጎማ ደግሞ አይጠገንም።

የሁሉም ወቅት ጎማ ለዚህ ችግር የተገኘ መካከለኛ መፍትሔ ነው። ጉድይር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1977 ቲየምፖ የተሰኘውን ጎማ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ በአሜሪካ የብዙኃኑ መኪና ጎማ ይኸው ዓይነት ሆኗል። ላስቲኩ በቅዝቃዜ ጊዜ ለስላሳነቱን ይዞ እንዲቆይ ተደርጎ ይቀመማል፤ በጥርሶቹም ላይ በረዶን የሚቧጥጡ ስስ ስንጥቆች ይኖራሉ። መካከለኛ መፍትሔ እንደመሆኑም ዋጋ ያስከፍላል። በሞቃት ቀን ከሙቀት ወቅት ጎማ ዘግይቶ ይቆማል፣ በበረዶ ላይም ከበረዶ ጎማ ዘግይቶ ይቆማል። በግግር በረዶ ላይ ያለው ልዩነት ደግሞ በጣም የሰፋ ነው። ስለሆነም ምርጫው የሚወሰነው በመኪናው ዓይነት ሳይሆን በሚነዳበት ከተማ ነው ማለት ይቻላል። እንደ ዋሽንግተን ባለ፣ በረዶ በዓመት ጥቂት ቀናት ብቻ በሚጥልበትና መንገዱ ቶሎ በሚጸዳበት ከተማ የሁሉም ወቅት ጎማ በቂ ነው። በሚኒያፖሊስ ወይም በሞንትሪያል ግን ለስፖርት መኪና ይህን ጎማ መምረጥ ስህተት ነው፤ እዚያ የሚያዋጣው የበረዶ ጎማ ብቻ ነው።

በጎማው ጎን ላይ የሚታተሙ ምልክቶች ለገዢው ከሻጩ ቃል የበለጠ ይነግሩታል። ኤም ፕላስ ኤስ የሚለው ምልክት ጭቃና በረዶ የሚለውን የእንግሊዝኛ ሐረግ የሚያሳጥር ሲሆን፣ የጥርሱን አቀራረጽ እንጂ በሙከራ የተረጋገጠ ብቃትን አያመለክትም። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና በመካከሉ የበረዶ ቅንጣት የሚያሳየው ሥዕል ግን ከዚህ ይለያል። ይህ ምልክት እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካና በካናዳ የጎማ አምራቾች ማኅበራት የወጣ ሲሆን፣ ጎማው በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ለመነሻ ከተያዘው ጎማ ቢያንስ 10 በመቶ የተሻለ የመሳብ አቅም እንዳለው በሙከራ ሲረጋገጥ የሚሰጥ ነው። ሙከራው የሚካሄደው በግግር በረዶ ላይ አለመሆኑን ግን ማስታወስ ይገባል። ሚሽለን እ.ኤ.አ. በ2015 በአውሮፓ ያቀረበው ክሮስ ክላይሜት ይህን የተራራ ምልክት ይዘው ዓመቱን ሙሉ ከሚነዱ ጎማዎች አንዱ ነው።

በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ልዩነት የሕግ ጉዳይ ጭምር ነው። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ መንገዱ በረዶ ወይም ውርጭ በያዘበት ጊዜ ለዚያ የሚሆን ጎማ ሳይገጥሙ መንዳት የተከለከለ ሲሆን፣ ቅጣቱም ከ60 ዩሮ ይጀምራል። ኤም ፕላስ ኤስ ብቻ የታተመባቸው ጎማዎች በአገሪቱ እስከ መስከረም 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሽግግር ተፈቅደው ቆይተው ከዚያ ወዲህ ተቀባይነት አጥተዋል። በካናዳ የኩቤክ ግዛት ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 የተራራ ምልክት ያለው ጎማ መግጠም ግዴታ ነው። በአሜሪካ ሁሉንም ግዛቶች የሚያስገድድ ሕግ የለም፤ ይሁን እንጂ በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በኮሎራዶ፣ ከዴንቨር ወደ ተራሮቹ በሚወስደው ኢንተርስቴት 70 አውራ ጎዳና ላይ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ ባለው ጊዜ የጎማ ዓይነትና የጥርስ ጥልቀት በሕግ ተወስኗል። በሥራ ተመድበው ወደ እነዚህ አገሮች የሚሄዱ ሠራተኞች መኪና ከመከራየታቸው ወይም ከመግዛታቸው በፊት ይህን ቢያጣሩ ከቅጣትም ከኢንሹራንስ ክርክርም ይድናሉ።

የስፖርት መኪና የጎማ ምርጫን ከሌሎች መኪናዎች የሚያከብደው መጠኑ ነው። ለአብነት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የተመረተው ሸቭሮሌት ኮርቬት ስቲንግሬይ ከፊት 245/35 በ19 ኢንች፣ ከኋላ 305/30 በ20 ኢንች ጎማ ይገጠምለታል። የመኪናው መነሻ ሞዴል ከፋብሪካ የሚወጣው በሁሉም ወቅት ጎማ ሲሆን፣ ዜድ 51 የተባለው የውድድር መገጣጠሚያ የተጨመረበት ግን የሙቀት ወቅት ጎማ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ሁለት መልካቸው አንድ የሆኑ ኮርቬቶች በአንድ ጋራዥ ቆመው አንዱ በቀዝቃዛ ማለዳ ሊነዳ ሲችል ሌላው ላይችል ይችላል። ያገለገለ የስፖርት መኪና የሚገዛ ሰው ጎማው ላይ የተጻፈውን ሳያነብ መንዳት የለበትም የሚባለው ለዚህ ነው። የፊቱና የኋላው ስፋት የተለያየ በመሆኑም ጎማዎቹን ከፊት ወደ ኋላ እያቀያየሩ እኩል እንዲያልቁ ማድረግ አይቻልም፤ የኋላዎቹ ቀድመው ያልቃሉ፣ በጀቱም ይህን ታሳቢ ማድረግ አለበት።

ሰፊ ጎማ በደረቅ መንገድ ጥቅም ቢኖረውም በረዶና ውኃ ላይ ተንሳፋፊ ይሆናል። የመኪናው አምራች ከፈቀደ በአንድ ኢንች ያነሰ ቸርኬና ጠበብ ያለ ጎማ መግጠም ለቅዝቃዜው ወቅት የተሻለ ነው። ገደቡ ፍሬኑ ነው፤ ትልልቅ የፍሬን ዲስኮች ያነሰ ቸርኬ አያስገቡም።

የፍጥነት ፊደሉም መታየት ይኖርበታል። ኤች እስከ 210፣ ቪ እስከ 240፣ ደብልዩ እስከ 270፣ ዋይ ደግሞ እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚፈቅዱ ናቸው። ከፊደሉ አጠገብ ያለው ቁጥር የጎማውን የመሸከም አቅም ያመለክታል፤ ለምሳሌ 94 ማለት አንዱ ጎማ 670 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። የመሸከም ቁጥሩ በምንም ሁኔታ አምራቹ ካዘዘው በታች መሆን የለበትም። ፖርሸን የመሳሰሉ አምራቾች ለራሳቸው መኪና ሞክረው ያጸደቁትን ጎማ በኤን ፊደልና በቁጥር ለይተው ያሳትሙበታል።

በአሜሪካ የሚሸጡ ጎማዎች የጥርስ ዕድሜ፣ የመያዝና የሙቀት ደረጃ ታትሞባቸው ይወጣሉ። የመያዝ ደረጃው ከድርብ ኤ እስከ ሲ ያለ ሲሆን የሚለካው በረጠበ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ በሚሄድ ጎማ ስለሆነ ስለ በረዶም ሆነ ስለ ጠመዝማዛ መንገድ አይናገርም። የጥርስ ዕድሜ ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ በመሆኑ የአንዱን ኩባንያ ቁጥር ከሌላው ጋር ማወዳደር እምብዛም አያስተማምንም። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሜይ 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ መለያ ስለ በረዶና ግግር በረዶ ብቃት የሚያሳይ ምልክት ስላካተተ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው።

የሁሉም ወቅት ጎማ የበረዶ ብቃቱን የሚያጣው ሙሉ በሙሉ ከማለቁ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛ የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ቢሆንም ለበረዶ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ጎማ አይመከርም። ኮንቲኔንታል ኩባንያ ለስፖርት መኪናዎች በሚያመርተው አንድ የሁሉም ወቅት ጎማ ጥርስ ላይ ደረቅ፣ እርጥብና በረዶ የሚሉትን ቃላት የሚወክሉ ሦስት ፊደሎች ቀርጿል። ጎማው ሲበላ በመጀመሪያ የበረዶው ፊደል ይጠፋል፣ ቀጥሎም የእርጥቡ። አሽከርካሪው መለኪያ ሳይፈልግ በዓይኑ እንዲያይ የሚያስችል በመሆኑ ጠቃሚ ብልሃት ነው።

ብዙዎች ቸል የሚሉት የንፋስ ጉዳይ ነው። የአየሩ ሙቀት በ5.5 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የጎማው ንፋስ በ1 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ ሙቀት 33 ፒ.ኤስ.አይ. የተሞላ ጎማ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 10 ሲደርስ ወደ 28 ይወርዳል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2008 ሞዴል ጀምሮ በአዳዲስ መኪናዎች ላይ ግዴታ የሆነው የማስጠንቀቂያ መብራት የሚበራው ንፋሱ ከታዘዘው 25 በመቶ ሲጎድል በመሆኑ በዚህ ጊዜ መብራቱ አይበራም። ስለዚህ መብራቱን ጠብቆ ሳይሆን ጎማው ባልሞቀበት ማለዳ በመለኪያ አይቶ መሙላት ያስፈልጋል።

አራቱም ጎማዎች ዓይነታቸው አንድ መሆን አለበት። ከፊት የሁሉም ወቅት፣ ከኋላ የሙቀት ወቅት ጎማ የተገጠመበት መኪና መታጠፊያ ላይ ኋላው ቀድሞ ያመልጣል። በአራቱም እግሩ የሚነዳ መኪና ይህ አያሰጋውም የሚለው እምነትም መሠረት የለውም። በአራት እግር መነዳት መኪናውን ከቆመበት ለማስነሳት ይረዳል እንጂ ለማቆም አይረዳም፤ የሚያቆመው ጎማውና ፍሬኑ ነው።

በኢትዮጵያ በደብረ ብርሃንና በሌሎች ደጋማ አካባቢዎች በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ ቢኖርም ረፋዱ ላይ አስፋልቱ ስለሚሞቅ የበረዶ ጎማ አያስፈልግም። ይልቁንም ያገለገሉ መኪናዎች ከአውሮፓ የበረዶ ጎማ እንደተገጠመላቸው ሲመጡ ለስላሳው ላስቲክ በቆላው ሙቀት ፈጥኖ ያልቃል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ቁጥራቸው የጨመረው የኤሌክትሪክ መኪናዎችም በባትሪያቸው ምክንያት ከባድ ስለሆኑ፣ የመሸከም ቁጥሩ ለተቋማት ግዥ ከቀድሞው የበለጠ ትኩረት የሚሻ ሆኗል።

ጎማ የሚረከብ የንብረት ሠራተኛ በጎኑ ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ፊደሎች በኋላ የሚገኙትን የመጨረሻ አራት አኃዞች ማንበብ ይኖርበታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ ቀጣዮቹ ዓመቱን ያመለክታሉ። ዓመቱ የሚቆጠረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ 1016 የሚል ጎማ የተመረተው በ2016 ዓ.ም. ሳይሆን በ2008 ዓ.ም. አጋማሽ ነው። በርካታ አምራቾች ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲመረመር፣ ጥርሱ ባያልቅ እንኳ ከተመረተ አሥር ዓመት ሲሞላው እንዲቀየር ይመክራሉ።