ጠመንጃና ብዕር

ጠመንጃና ብዕር በአንድ እጅ ተስማምተው የሚገኙት ከስንት አንዴ ነው። አሜሪካዊው ፕሮፌሰር አንድሩ ቤሴቪች ሁለቱንም የያዙ ሰው ናቸው። በ1947 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ተወልደው በ1969 ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ተመረቁ፤ በ1970 ወደ ቬትናም ዘመቱ። ሠራዊቱንም ሳይለቁ በ1982 ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በታሪክ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ። በኮሎኔልነት ጡረታ ከወጡ በኋላ በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ታሪክንና ዓለም አቀፍ ግንኙነትን እስከ 2014 አስተማሩ።

አገራቸው በጦር ኃይል ላይ የጣለችው እምነት ልክ ማለፉን በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ አስረዱ፤ የኢራቅንም ጦርነት በግልጽ ተቃወሙ። ዳሩ ግን ስማቸውን የወረሰው መቶ አለቃ ልጃቸው ሜይ 13 ቀን 2007 በዚያው በኢራቅ በፈንጂ ተገደለ፤ ዕድሜው 27 ዓመት ነበር። ለልጁ ሞት ተጠያቂው የአባትየው ተቃውሞ ነው ብለው የጻፉላቸውም አልታጡም። እሳቸው ግን ልጃቸው በጦር ሜዳ፥ ራሳቸውም በብዕር የየበኩላቸውን ግዴታ መወጣታቸውን ገለጹ፤ ተቃውሞአቸው ፍሬ አለማፍራቱንም አልሸሸጉም።

ለእኛ ለሙያ ባልደረቦች የሚተርፈው ትምህርት ይህ ነው፤ የታሪክ ጸሐፊ የጦርነት ዋጋ ከገዛ ቤቱ ሲደርስም ሚዛኑን ማዛባት አይገባውም።