ከገዳሪፍ በኩል የታየ የሀምዶክ ዘመን

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ። መተማን ተሻግራችሁ፣ ገላባትን አልፋችሁ ስትዘልቁ የሱዳኗን ገዳሪፍን ታገኛላችሁ፤ ሰሊጥና ማሽላ የሚበቅልበት፣ ክረምት ሲገባ ዋልካው እግር የሚይዝ፣ የእኛም ልጆች ለአረምና ለአጨዳ ስንት ዘመን የተመላለሱበት አገር ነው።

በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ 10 ቀን የዳቦ ዋጋ ያስመረረው የአትባራ ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ በማግሥቱም ገዳሪፍ ተነሣች፣ ሰልፈኞችም በጥይት ወደቁ፣ ከዚያም ቁጣው ካርቱምን አጥለቀለቀና በሚያዝያ ፕሬዚዳንት ዖመር አል በሽር ከ30 ዓመት ወንበራቸው ወረዱ። ኢትዮጵያና የአፍሪካ ኅብረትም ወታደሩንና ሲቪሉን አሸማገሉ፣ በነሐሴም አብደላ ሀምዶክ የሱዳን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ሰውዬው ለአዲስ አበባ እንግዳ አልነበሩም፤ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ለዓመታት የሠሩ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ናቸው። የተረከቡት ግን ባዶ ካዝና ነበር፣ በአጠገባቸውም ጦር ያላቸው ጄኔራሎች ተቀምጠዋል። በ2012 የካቲት 30 ቀን አጀባቸው ላይ ቦምብ ፈነዳ፣ ተረፉም፣ ሥራቸውንም ቀጠሉ፤ በእሳቸውም ዘመን ሱዳን ከአሜሪካ የሽብር ደጋፊ አገሮች ዝርዝር ወጣች፤ የነዳጅ ድጎማ ሲነሣ ግን ኑሮው የድሃውን ወገብ ሰበረ።

በ2013 ኅዳር ከትግራይ ጦርነት የሸሸው ወገናችን ተከዜን እየተሻገረ ሱዳን ድንበር ላይ ካለችው ሃምዳይት ደረሰ፣ ከዚያም ብዙ ሰው ወደ ገዳሪፍ ምድር፣ በ1977ቱ ረሃብ ዘመን ስደተኞች ወዳረፉበት ወደ ኡም ራኩባ ተወሰደ፤ የስደተኛውም ጠቅላላ ቁጥር ከ60 ሺህ ሲያልፍ የአካባቢው ሰው ያለውን አካፈለ። ወዲያውም የሱዳን ጦር የይገባኛል ክርክር ወዳለበት ወደ አል ፋሽጋ ገባ፣ ገበሬዎቻችንም ከእርሻቸው ተፈናቀሉ፤ ሀምዶክ በታኅሣሥ አዲስ አበባ መጥተው ቢመክሩም ጦሩ በያዘው ቦታ ቀረ።

ዘመን ተለወጠና በ2014 መስከረም የምሥራቅ ሱዳን የቤጃ ሰዎች የፖርት ሱዳንን ወደብ ዘጉ፣ ዕቃም ወደ መሐል አገር መግባት አቆመ፣ ከዚያም ጥቅምት 15 ቀን የጦሩ አዛዥ ጄኔራል አል ቡርሃን ሀምዶክን አሰሯቸው። ኅዳር 12 ቀን ሀምዶክ ከጄኔራሉ ጋር ስምምነት ፈርመው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ፤ ለሞቱት የሚያለቅስ ወጣት ግን ያን ፊርማ አልተቀበለም። ታኅሣሥ 24 ቀን በቴሌቪዥን ቀርበው አደራውን ለሕዝቡ መለሱና ወረዱ።

በ2015 ሚያዝያ 7 ቀን ጄኔራሎቹ እርስ በርስ መዋጋት ጀመሩ፤ ሕዝቡም በገዳሪፍ በኩል፣ የእኛ ሰው በሄደበት መንገድ፣ ወደ መተማ ጎረፈ። ሀምዶክ የፈረሙት ፊርማ አጎደላቸው እንጂ አላኮራቸውም፤ ነገር ግን ወንበራቸውን ለማቆየት ጥይት አላስተኮሱም፣ ይህም ሊመሰገንላቸው ይገባል። እናንተም የገዳሪፍን ውለታ አትርሱ፤ ሱዳናዊው ስደተኛ ደጃችሁ ሲቆም አስጠጉት።