በየብስ የተጓዙ ጀልባዎችና የተሸከሟቸው እንጨቶች

ጀልባ በውሃ ላይ ስትሆን ክብደቷን ለብቻው የሚሸከምላት አንድ ቦታ የለም፤ ውሃው ከሥር ያለውን አካሏን ሁሉ አቅፎ ይይዛታል። ከውሃ ወጥታ በየብስ ላይ ስታርፍ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሸክሙ በጥቂት ቦታዎች ላይ ይወድቃል፤ ሳንቃዋ ይጎብጣል፤ መጋጠሚያዋ ይላቀቃል፤ ለዓይን ደኅና የምትመስለው ጀልባ ወደ ውሃ በተመለሰች ዕለት ውሃ ታስገባለች። ስለዚህም ጀልባን በየብስ ማጓጓዝ ግድ የሆነበት ሰው ሁሉ፣ በየትኛውም ዘመንና አገር ቢሆን፣ ከጎታቹ ጉልበት አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ የመቀመጫው ጉዳይ ነው። ውሃው ይሰጣት የነበረው ድጋፍ በምን ይተካ?

የአናጢው መልስ ከጥንት ጀምሮ አንድ ነው፤ ይኸውም እንጨት ነው። በጋሪው ወይም በመንሸራተቻው ላይ ጠንካራ አግዳሚዎች ይዘረጋሉ፤ በእነርሱም ላይ ረጃጅም ወራጆች በጀልባዋ አከርካሪ ግራና ቀኝ፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ የሆዷን ቅርጽ ተከትለው እየተጠረቡ ይጋደማሉ። ወራጁ በረዘመ መጠን ሸክሙ ይበተናል። የጀልባዋ የውስጥ አጥንቶችና ሞተሩ ያረፈበት ክፍል በአግዳሚዎቹ አናት ላይ እንዲውሉ ይደረጋል። ሚስማርና ብሎን ከእንጨቱ ገጽ ዝቅ ብለው ይቀበራሉ፤ በላዩም ገላዋን እንዳይፍቀው ወፍራም ጨርቅ፣ ቆዳ ወይም ገመድ ይነጠፋል። ብረት በጥንካሬው እንጨትን ቢበልጥም፣ እንጨት ጥቂት እየተለመጠ የመንገዱን ንዝረት ይቀበላል፤ ቢሰበርም በመንገድ ዳር ካለው ዛፍ ይተካል። የእንጨት አልጋው ምስጢር ይኸው ነው።

ታሪክ ይህን አልጋ በተደጋጋሚ የሚያወሳው ከጦርነት ጋር አያይዞ ነው። በ1439 የቬኒስ ሰዎች መርከቦቻቸውን በተራራ ላይ አሳልፈው ወደ ጋርዳ ሐይቅ አውርደዋል። በ1453 ደግሞ ቁስጥንጥንያን ከብቦ የነበረው ወጣቱ ሱልጣን መሐመድ ዳግማዊ፣ የወርቅ ቀንድ የተባለው ወደብ በሰንሰለት ስለተዘጋበት፣ ሰባ ያህል መርከቦችን በእንጨት መቀመጫ ላይ አሳርፎ፣ ስብ በተቀባ ግንድ ላይ በሰውና በበሬ እያስጎተተ ኮረብታውን አሻገራቸው። ይህ የሆነው በኤፕሪል 22 ቀን ነው፤ ከተማይቱም በሜይ 29 ቀን ወደቀች።

በአፍሪካ ምድር የተፈጸመው ተመሳሳይ ድርጊት ግን ከዚህ ሁሉ በርቀቱ ይልቃል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የታንጋኒካ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ በጀርመን፣ ምዕራባዊው ዳርቻ በቤልጂግ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበር። በሐይቁ ላይ የበላይነቱን የያዙት ጀርመኖች ነበሩ። ከመርከቦቻቸው ትልቋ ጐትዘን በጀርመን አገር ተሠርታ፣ እንደገና ተፈታትታ፣ በሣጥን ታሽጋ እስከ ዳሬ ሰላም በባሕር፣ ከዚያም ወደ ኪጎማ በየብስ ተጉዛ በሐይቁ ዳር ዳግም የተገጣጠመች ናት። ብሪታንያ ግን ለመፈታታትና ለመገጣጠም ጊዜ አልነበራትም። ስለሆነም በ1915 ጆን ሊ የተባለ አዳኝ ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ እያንዳንዳቸው 40 ጫማ ርዝመት ያላቸው ሁለት የሞተር ጀልባዎች እንዳሉ፣ ሳይፈቱ፣ በየብስ እንዲሻገሩ ተወሰነ። ስማቸው ሚሚና ቱቱ ተባለ፤ አዛዡም ጄፍሪ ስፓይሰር ሲምሰን ነበር።

ለዚሁ ጉዞ ተብሎ በባቡርም በጥርጊያ መንገድም ሊያገለግሉ የሚችሉ ልዩ መቀመጫዎችና ተጎታች ጋሪዎች ተሠሩ። ጀልባዎቹ በጁን ወር ከእንግሊዝ ተነሥተው በጁላይ መጀመሪያ ኬፕታውን ደረሱ፤ ከዚያም በባቡር ወደ ሰሜን ተጉዘው፣ ዛሬ ሉቡምባሺ የምትባለውን ኤልሳቤትቪልን አልፈው ፉንጉሩሜ ላይ ሐዲዱ አበቃ። ከፊታቸው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ጫካና የሚቱምባ ተራራ ቆሟል። ከኦገስት አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ስድስት ሳምንት ያህል፣ ሁለት በእንፋሎት የሚሠሩ ጎታቾችና ብዙ ጥማድ በሬዎች እየሳቧቸው ተጓዙ። ከፍታው 1,800 ሜትር በሚደርሰው ተራራ ላይ ገመድና መዘውር ከዛፍ ጋር እየታሰረ ጀልባዎቹ ሽቅብ ይሳባሉ፤ ቁልቁል ሲሆንም እንዳያመልጡ ወደ ኋላ ይያዛሉ። ሳንኪሲያ ላይ እንደገና ባቡር አገኙ፤ በሉዋላባ ወንዝና በሌላ ሐዲድም አልፈው በኦክቶበር መጨረሻ ከሐይቁ ደረሱ።

ይህ መንገድ በራሱ አልተከፈተም። ዛፉን የቆረጡት፣ ድንጋዩን የፈነቀሉት፣ በየሸለቆው ከ150 በላይ የእንጨት ድልድዮችን የሠሩት በአካባቢው የተሰበሰቡ አፍሪካውያን ናቸው። የጎታቾቹ ማሞቂያ ውሃ ሲጠማ ውሃውን ከሩቅ በእንስራ ያመላለሱት የመንደሩ ሴቶች ናቸው። ጀልባይቱ ከእንግሊዝ በመጣው የእንጨት አልጋ ላይ ብትተኛም፣ አልጋው ራሱ ያረፈው በኮንጎ ዛፍና በኮንጎ ሰው ትከሻ ላይ ነበር። ጦርነቱ ደግሞ የእነርሱ አልነበረም፤ የሚፋለሙት ሁለቱም ወገኖች በእነርሱ ምድር ላይ ጌትነትን የሚሻሙ ነበሩ።

በሐይቁ ላይ የሆነው ለመተረክ አጭር ነው። በዲሴምበር 26 ቀን 1915 ሚሚና ቱቱ ኪንጋኒ የተባለችውን የጀርመን መርከብ በጥቂት ደቂቃ ተኩስ ማረኩ፤ በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1916 ሄድቪግ ፎን ቪስማን ሰጠመች። ጐትዘንን ጀርመኖች ራሳቸው በዚያው ዓመት በጁላይ ወር አሰጠሟት፤ ይሁን እንጂ በኋላ ከውሃ ወጥታ፣ ከ1927 ጀምሮ ሊምባ በሚል ስም ለብዙ አሥርት ዓመታት የሐይቁን ሕዝብ አመላልሳለች።

ከሰባት ወር ያላነሰው የዝግጅትና የጉዞ ልፋት በደቂቃዎች ውጊያ ተሸፈነ። የብሪታንያ ጋዜጦችና መጻሕፍት አዛዡን አወደሱ። ሲ. ኤስ. ፎረስተር በ1935 ያሳተመው «ዘ አፍሪካን ኩዊን» የተሰኘው ልብ ወለድና በ1951 ጆን ሂውስተን ያዘጋጀው ፊልም ከዚህ የሐይቅ ጦርነት መነሻ ያገኙ ናቸው፤ በፊልሙ ግን በመቃው መካከል ውሃ ውስጥ ገብቶ ጀልባይቱን የሚጎትተው አንድ ነጭ ሰው ብቻ ነው። በእውነተኛው ታሪክ ገመዱን የያዙት እጆች ከሥዕሉ ወጥተዋል። ኪነ ጥበብ አንድን ሰው ጀግና ሲያደርግ ብዙዎችን ሊያጠፋ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

የተሸካሚው ዕጣ በሚሚና በቱቱ ጉዞ ብቻ አልተወሰነም። በምሥራቅ አፍሪካው ዘመቻ ለብሪታንያ ጦር ስንቅና ጥይት ከተሸከሙት አፍሪካውያን ከ90 ሺህ በላይ የሚሆኑት እንደ ሞቱ፣ አብዛኞቹም በበሽታና በድካም እንዳለቁ የገዥዎቹ መዛግብት ራሳቸው ይመሰክራሉ። የብዙዎቹ ስም አልተመዘገበም። ሕዝቡ ግን በራሱ መንገድ መዘገባቸው። በናይሮቢ ካሪኮር፣ በዳሬ ሰላም ካሪያኮ የሚባሉት ሰፈሮችና ገበያዎች ስማቸውን ያገኙት ከዚያው ከተሸካሚዎቹ ጓድ የእንግሊዝኛ መጠሪያ ነው። ገበያተኛው ስሙን በጠራ ቁጥር፣ ልብ ቢልም ባይልም፣ እነዚያን ሰዎች ያነሣቸዋል።

የእንጨት አልጋ ሥራው ሲያልቅ ይፈርሳል፤ ጀልባይቱ ውሃ በነካች ሰዓት የሚያስታውሰው የለም። የጫካው ድልድዮችም በምስጥና በዝናብ ጠፍተዋል። ታሪክ ጸሐፊው፣ መምህሩና ከያኒው የሚጠየቁት እንግዲህ በውሃው ላይ የተተኮሰውን ብቻ ሳይሆን፣ ጀልባይቱን እስከ ውሃው ያደረሳትን እንጨትና ትከሻም እንዲያሳዩ ነው። የላዩን ብቻ የሚያይ ታሪክ፣ መቀመጫ እንደሌላት ጀልባ፣ ከሩቅ ያማረ መስሎ ውስጡ ግን የተሰነጠቀ ነውና።