ንጹሕ አየርና ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ

ወደ ሰው አካል በቀዶ ሕክምና የሚገባ ብረት ከሥጋ የሚለይበት አንድ ዓቢይ ነገር አለ፤ ይኸውም ደም የማይዘዋወርበት መሆኑ ነው። ደም በማይደርስበት ቦታ የሰውነት መከላከያ ኃይል ደካማ ነው፤ መድኃኒትም በቀላሉ አይዘልቅም። ስለዚህ ጥቂት ባክቴሪያዎች በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ላይ ከተጣበቁ፣ ቁስሉ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ያመረቅዛል። ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ የተተከለውን አውጥቶ እንደገና ከመሥራት በቀር መፍትሔ አይገኝም። ጉልበት ደግሞ በስስ ቆዳ ብቻ የተሸፈነ በመሆኑ አደጋው ይበልጥ ያሰጋል።

ይህን ችግር እንደ ምህንድስና ጥያቄ ከመረመሩት ቀዳሚዎች አንዱ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ቻርንሌይ ነበሩ። ቻርንሌይ በላንክሻየር በሚገኘው ራይቲንግተን ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1962 ከብረትና ከፖሊኤቲሊን የተሠራ የዳሌ መገጣጠሚያ መትከል ጀመሩ። መገጣጠሚያው በሚገባ ቢሠራም፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከ100 በሽተኞች የ7ቱ ያህል ቁስል ያመረቅዝ ነበር።

ቻርንሌይ የጠረጠሩት አየሩን ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል የሚቆሙ ሰዎች ሁሉ ከቆዳቸው ባክቴሪያ የተሸከመ ብናኝ ያራግፋሉ። ስለዚህ ከሃዎርዝ ኩባንያ ጋር በመተባበር፣ የተጣራ አየር ከላይ ወደታች የሚወርድበት ልዩ ክፍል አሠሩ። አየሩ በሰዓት 300 ጊዜ ያህል ይለወጥ ነበር። ሐኪሞቹም ትንፋሻቸውንና ከአካላቸው የሚወጣውን አየር በቱቦ ስቦ የሚያስወግድ ልብስ ይለብሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጡት ዘገባ፣ ወደ 5800 በሚጠጉ ቀዶ ሕክምናዎች ሂደት የማመርቀዙ መጠን ከ100 ሰዎች ከ7 ያህል ወደ 0.5 ያህል ወርዷል። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን የቁስል አሰፋፍና የአለባበስ ሥርዓትም ተሻሽሎ ስለነበር፣ ውጤቱን ሁሉ ለአየሩ ብቻ መስጠት አይቻልም ነበር።

በዚያው ሆስፒታል የሠራው ካናዳዊው ፍራንክ ጉንስተን የጉልበት መገጣጠሚያ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1971 አሳተመ፤ የጉልበት ቅየራም ከዚያ ወዲህ እየተስፋፋ ሄደ። ክርክሩን ለመፍታት በሊድዌል መሪነት 19 ሆስፒታሎች የተካፈሉበት ጥናት ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ውጤት ከ8000 በላይ የዳሌና የጉልበት ቅየራዎችን ያጠቃልላል። በተለመደው ክፍል ከ1000 ሰዎች 15ቱ ሲያመረቅዙ፣ እጅግ ንጹሕ አየር ባለበት ክፍል 6ቱ ብቻ ሆኑ። ሆኖም ከቀዶ ሕክምናው ጋር አብሮ የሚሰጠው አንቲባዮቲክም ከዚህ የማያንስ ልዩነት ማሳየቱ ተስተዋለ።

ከዚያ ወዲህ አንቲባዮቲኩ የሁሉ ልማድ ሆነ፤ የአየሩም ነገር እንደገና ተመረመረ። እ.ኤ.አ. በ2008 ከጀርመን፣ በ2011 ከኒው ዚላንድ የወጡ ሰፋፊ ጥናቶች የልዩ አየር ክፍሎችን ጥቅም ማየት አልቻሉም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ ማስረጃው ደካማ መሆኑን ሳይሸሽግ፣ ለመገጣጠሚያ ቅየራ እንዲህ ያለ የአየር መሣሪያ እንዳይተከል መከረ። በዛሬው ጊዜ ከጉልበት ቅየራ በኋላ የሚያመረቅዘው በደህና ሆስፒታሎች ከ100 ሰዎች 1 ወይም 2 ያህል ነው።

ይህ የቻርንሌይን ሥራ ዋጋ አያሳጣውም። በአንቲባዮቲክ ሳይታገዙ አደጋውን መቀነሳቸው፣ አደጋን በመለካት መዋጋት እንደሚቻል አስተምሯል። ነገር ግን በአንድ ዘመን ጠቃሚ የነበረ መሣሪያ፣ አካባቢው ሲለወጥ የቀድሞ ድርሻውን ሊያጣ ይችላል። አቅሙ የተወሰነ ሆስፒታል የአየር መሣሪያ ልግዛ ወይስ መድኃኒቱ በሰዓቱ መሰጠቱንና እጅ በሚገባ መታጠቡን ላረጋግጥ ብሎ ሲያመነታ፣ መልሱ በበሽተኛው ጉልበት ላይ ይታያል። መሣሪያ የሚተክል መሐንዲስም ከተከለ በኋላ ውጤቱን መለካቱን ማቋረጥ የለበትም።